ያልተገለበጠው እንቁላል

እውነተኛው እንቁላል በማስተማሪያ ሳጥን ታሽጎ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ከእንጨት የተሠራው ግን መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ቀረ። የሰረቀ የለም፣ ያታለለም የለም። በገዛ እጇ አንስታ የሰጠችው ነጥብ ናት።

ነጥብ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የመካነ አራዊቱ የአእዋፍ ክፍል ሠራተኞች የለጠፉባት ነው። እንቁላሉ ስንት መዘነ ብለው ሲጠይቋት እንደ ሰው «ሁለት መቶ ሃያ ገደማ» ብላ አታውቅም። «ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አራት» ትላለች፤ ነጥቧን ዘሎ ከሚጽፍ ሰው ጋርም ትጣላለች። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማረችው፣ እሷ እንደምትለው፣ «ገደማ» የሚባለውን ቃል ለመርሳት ነው።

ያን ጠዋት ሦስት ሰዓት ከስምንት ላይ እንቁላሉን እንደ ወትሮዋ ከማሽኑ አውጥታ ጥጥ በተነጠፈበት ጎድጓዳ ሳህን ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ሚዛኑ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ነጥብ አንድ አለ። መዝገቡን አየች። የትናንቱ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ነጥብ ስድስት ነው። እንደገና መዘነችው። ያው ነው።

እንቁላል በየቀኑ ይቀልላል። ጫጩቱ ውስጡ እያደገም ቢሆን እርጥበቱ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል። ይህኛው አርባ ሰባት ቀን ሙሉ አንድም ጠዋት ሳያዛንፍ ቀንሷል። አንድ ሌሊት አድሮ ሦስት ግራም ተኩል የሚወፍር እንቁላል ገና አልተጣለም።

ገለበጠችው። ከግርጌው የሚስማር ራስ አየች።

አልጮኸችም። ማሽኑን ከፍታ ትሪውን ዳበሰች፤ ባዶ መሆኑን እያየች ዳበሰችው።

ወደዚህ መካነ አራዊት ጥንብ አንሳ ለማየት ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። ሰው የሚመጣው ለአንበሳውና ለጦጣዎቹ ነው፤ ጥንብ አንሶቹ ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ሠራተኞቹ «እትዬ» የሚሏት ሴቷ ጥንብ አንሳ ግን ለአእዋፍ ክፍሉ ከአንበሳው ትበልጣለች። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከከተማው ዳር፣ ከከብት ገበያው ጀርባ፣ በአሥራ አንድ ሬሳ መሃል ነፍሷ ሳትወጣ የተገኘች አንዲት ወፍ እሷ ናት። አንድ ሰው ለጅብ ብሎ ሥጋ ውስጥ የቀበረውን መርዝ በልተው ነው ያለቁት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ሰማይ ላይ ጥንብ አንሳ ሲያንዣብብ አየሁ የሚል ሰው ቢገኝ ጭልፊት አይቶ ነው።

እትዬ በዓመት አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ አንድ ብቻ። የካቻምናውን ባሏ ረግጦ ሰበረው። የአምናውንም ረግጦ ሰበረው። ዘንድሮ የግቢው ሐኪምና የአእዋፍ ክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ዶክተር ቆረጠች፦ እውነተኛው ማሽን ውስጥ ይሙቅ፣ ባልና ሚስቱ ከእንጨት በተሠራ እንቁላል ላይ ይተኙ፣ ቅርፊቱ ሊሰነጠቅ ሲል ይመለስላቸው። ጫጩቱን እነሱ ያሳድጉታል፤ ክንፉ ሲጠና ግን ይለቀቃል። ዕድሜ ልኩን በሽቦ አጥር ውስጥ አፍንጫ በያዘ ሰው ፊት አይቀመጥም።

አናጢው ሦስት የእንጨት እንቁላል ሠራ። ክብደታቸው እንዳያስነቃ በውስጣቸው የቀለጠ የእርሳስ ብረት አፈሰሰ፤ እትዬ ቀላል እንቁላል ገፍትራ ከጎጆው ታወጣለችና። አንደኛው ከእትዬ ሥር ነው። ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው፤ እትዬ ቀዝቃዛ እንቁላልም ስለማትቀበል ከእውነተኛው ጎን ማሽኑ ውስጥ ይሞቃል። ሦስተኛው የነጥብ አጎት ማስተማሪያ ሳጥን ውስጥ ነው። አናጢው ሙያው የሚያስመሰግን ነው። ቀለሙን ሲቀባ ትንንሾቹን ቡናማ ነጠብጣቦች እንኳ አልረሳም። ለይቶ ለማወቅ መገልበጥ ብቻ ነው መፍትሔው፦ የእንጨቱ ከግርጌው ሚስማር አለው፣ እውነተኛው በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር።

ለዚህም ነው ከክፍሉ በር በስተውስጥ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት የተለጠፈው፦ «እንቁላል ሳይገለበጥና ምልክቱ ሳይታይ ከዚህ ክፍል አይወጣም። የተላለፈ ቁልፉን ያስረክባል።» አምና አንድ ረዳት ሁለት የዳክዬ እንቁላሎችን ሲያደባልቅ ተናዳ ወረቀቱን የጻፈችው፣ ፊደሉንም በገዢ ያሰመረችው ነጥብ ራሷ ናት።

መገልበጥ የሚፈጀው ሁለት ሰከንድ ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ አጎቷ መጥቶ በሩን በሰፊው ከፍቶ መቃኑ ላይ ቆሞ ነበር። የእናቷ ወንድም ነው፤ ግቢው ውስጥ የትምህርት ክፍሉን ብቻውን ይመራል፣ የከተማው ልጆች ደግሞ «ጋሼ ላባ» ይሉታል፤ ከደረት ኪሱ የጥንብ አንሳ ላባ ተለይቶት አያውቅም።

«አንቺ የእህቴ ልጅ፣ አንዷን የእንጨት እንቁላል አበድሪኝ። የእኔዋን እያት! ልጆቹ ሲያሹዋት ሲያሹዋት ድንች መስላለች። ድንች ይዤ ስለ ጥንብ አንሳ ላስተምር?»

«አጎቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔስ? ሽርሽር ላይ ነኝ? ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል መግባት አለብኝ።»

«በሩን ዝጋው! እርጥበቱ እየወረደብኝ ነው።»

እውነቷን ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር የክፍሉ አየር ይደርቃል። መለኪያው ከስድሳ ወደ ሃምሳ አምስት፣ ከሃምሳ አምስት ወደ ሃምሳ ሦስት ሲወርድ እያየች፣ ዓይኗን ከመለኪያው ሳትነቅል፣ እጇን ወደ ማሽኑ ሰደደች። መጠባበቂያው ሁልጊዜ ከፊት ነው። ያን ጠዋት ግን ትሪውን ለመጥረግ ሁለቱንም አውጥታ መልሳ ነበር፤ የቱን ከፊት፣ የቱን ከኋላ እንዳደረገች አላሰበችውም።

«ቀስ በይ እንጂ» አለ አጎቷ እየሳቀ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ተረቱን ተውና እንካ! በሩን ዝጋልኝ!»

ሞቅ ያለችዋን እንቁላል በእጁ አስጨብጣ እሱን በትከሻዋ ገፍታ አስወጣችው። አጎቷን ሙቀቱ አልገረመውም። መጠባበቂያውም ከማሽን ስለሚወጣ የሞቀ ነው።

አሁን ሚስማሩን እያየች ከጭንቅላቷ የማይወጣው ግን አሰጣጧ አልነበረም። የአጎቷ ትምህርት እንዴት እንደሚያልቅ ነው።

ጋሼ ላባ ለአርባ ደቂቃ ያህል ያስተምራል። ስለ በሽታ ያወራል፤ የሞተ ከብት ሳይበላ ሲቀር ውሃው ምን እንደሚሆን ያሳያል። እንቁላሉን ከልጅ ወደ ልጅ ያዞራል። ሁሉም «እንቁላል እንዲህ ነው የሚያዘው» እየተባባሉ ትንፋሻቸውን ውጠው ከተቀባበሉት በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይይዘውና ወለሉ ላይ ይለቀዋል። ልጆቹ ይጮኻሉ። እንቁላሉ ቋ ብሎ ይንከባለላል። ያኔ ጎንበስ ብሎ ያነሳውና «ይቺ እንጨት ናት፤ ወድቃ ተነሳች። እውነተኛዋ ብትሆን ትነሳ ነበር?» ይላል።

ነጥብ በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተከራክራዋለች። ሰው አስደንግጦ ማስተማር የአስተማሪ ሳይሆን የአስማተኛ ሥራ ነው ብላዋለች። እሱ «የደነገጠ አይረሳም» ብሎ ሳቀ።

ሦስት ሰዓት ከአሥር። እንቁላሉ የሚለቀቀው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ገደማ ነው። ገደማ! በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥቡን አላወቀችውም።

ደወለችለት። ስልኩ ጠፍቷል። ክፍል ሲገባ ስልኩን ልጆቹ ፊት አውጥቶ ያጠፋል፤ «እናንተም እንደዚሁ» ለማለት። የእንቁላል መያዣውን የስፖንጅ ሳጥን ከመደርደሪያ ላይ መነጨቀች፣ ሁለት ጠርሙስ ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልላ ከተተችበት፣ ባትሪዋን ኪሷ አስገባች፣ ሮጠች።

ሾፌሩ ከፒካፑ ላይ ድርቆሽ እያወረደ ነበር። «ዔሊ» ይሉታል፤ ሃያ ዓመት ሲነዳ ከአህያ ጋሪ ቀድሞ አያውቅም።

«ዔሊ! ተነስ፣ ንዳ!»

«ምን ተቃጠለ?»

«እንቁላል።»

«እንቁላል ለመጥበስ ከሆነ…»

«የእትዬ እንቁላል! ጋሼ ላባ እጅ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይጥለዋል።»

ዔሊ በእጁ የያዘውን ድርቆሽ ለቀቀው። ዘሎ መሪው ላይ ተቀመጠ። ከግቢው በር ሲወጡ ጎማው ጮኸ፤ ዘበኛው አፉን ከፍቶ ቀረ።

መንገድ ላይ ነጥብ የትምህርት ቤቱን ስልክ ከአጎቷ የቀጠሮ ደብዳቤ ላይ አግኝታ ደወለች። ብዙ ከጠራ በኋላ ጸሐፊዋ አነሳችው።

«እህቴ፣ ዛሬ እንግዳ መምህር አላችሁ፣ ላባ ኪሱ ውስጥ ያለ። እባክሽ አሁኑኑ ሮጠሽ እንቁላሉን እንዳትጥለው በይልኝ።»

«ምኑን?»

«እንቁላሉን!»

«እሺ። ዶሮዋንስ ምን ልበላት?» አለች ጸሐፊዋ፤ ስልኩም ተዘጋ። ደግማ ስትደውል ተይዟል አላት።

«የዛሬ ልጆች በስልክ እየቀለዱ ሰውን አሰልችተዋል፤ አንቺንም ከእነሱ ቆጥራሽ ነው» አለ ዔሊ፣ አንድ አውቶቡስ እየቀደመ። ሌላ ቀን ቢሆን ለመቅደሙ ፎቶ ይነሳ ነበር። ነጥብ ሰዓቷን አየች። ሃያ ሦስት። ከድልድዩ ፊት መኪና ተሰልፏል። ሃያ አምስት። አንድ ሰው ጋሪ ሲያዞር መንገዱን ዘጋው። ዔሊ አንገቱን አውጥቶ ተሳደበ፤ ስድብ ስለማይችል «አንተ… ሰውዬ!» አለ ብቻ። ሃያ ስምንት።

እንቁላሉ ከማሽን ከወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆነው ነው። ቅዝቃዜው ብቻውን ላይገድለው ይችላል፤ እናቲቱም በጫካ ብትሆን አንዳንዴ ተነስታ ትሄዳለች። ታክሲው ግን አለ፤ አጎቷ ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በዚያ ጉድጓዳም መንገድ ሄዷል። ከዚያ የሠላሳ ምናምን ልጅ እጅ አለ። ከዚያ ወለሉ። ነጥብ አደጋዎቹን በጣቷ ቆጥራ ሦስት አገኘች፤ አራተኛዋ ራሷ ነች፣ ያ ግን አልፏል።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እጁን ዘረጋ። «መታወቂያ።»

አንገቷ ላይ ያለውን ባጅ በጥሳ ሰጠችው። ዘበኛው ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አነበበ። «የአራዊት… እንዴ! ምን አመለጣችሁ?»

«ጥንብ አንሳ።»

ዘበኛው ወደ ሰማይ ቀና ሲል በጎኑ ሾልካ ገባች።

«አምስተኛ ክፍል የት ነው?» ብላ ስትጠይቅ አንዲት ውሃ የምትቀዳ ልጅ በጣቷ ወደ ላይ አሳየቻት። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ከመጨረሻው በር የልጆች ድምፅ ተሰማ፣ በአንድ ላይ፦

«አንድ!»

በሩ ከላይ በኩል ትንሽ መስታወት አለው። በመስታወቱ አጮልቃ አየች። አጎቷ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ቀኝ እጁ ከራሱ በላይ ነው።

«ይቺ እንቁላል ስንት ጥንብ አንሳ ናት አላችሁ?»

«አንድ!»

«በዓመት ስንት?»

«አንድ!»

«እና ብትወድቅብኝስ?»

ልጆቹ እየሳቁ፣ እየተሳቀቁም «ዜሮ!» አሉ።

አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው። ብትጮህ ይደነግጣል፤ ቢደነግጥ ይለቀዋል። የበሩን እጀታ ተጭና ገፋችው። ማጠፊያው ሲጥጥ አለ። አጎቷ ዘወር አለና ፊቱ በራ።

«ኧረ እዩ ማን እንደመጣ! ይቺ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? የእንቁላሎች ሁሉ ሞግዚት ናት። ሌሊት እንኳ እንቁላል ነው የምታልመው።»

ልጆቹ ሳቁ። ነጥብ ፊቷን ፈገግ ለማስባል ሞከረች፤ አልታዘዛትም። በወንበሮቹ መሃል ሄደች። ሮጣ አይደለም፤ መሬቱ በረዶ እንደሆነ ሁሉ እግሯን እየመጠነች። አጎቷ አብራው የምትጫወት መሰለው። ሁለት ጣቱን ከእንቁላሉ ላይ አነሳ፤ በሦስት ጣት ብቻ ያዘው። ልጆቹ «ኧረ ጋሼ!» ብለው ጮኹ።

«ልልቀቃት?»

«አይልቀቁ!»

ደረሰች። ሁለት እጇን አጣምራ ከእሱ እጅ ሥር ዘረጋች። «አጎቴ» አለችው፣ ከእሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ። «ይሄ የእትዬ ነው።»

አላመናትም። ከዚያ ዓይኗን አየ። የፊቱ ደም ወደ አንገቱ ሲወርድ ታየ። የተነሱት ሁለት ጣቶቹ ተመልሰው ጥርቅም አሉ።

«አውርደው» አለችው።

«አልችልም።»

«ቀስ ብለህ።»

«እጄ እንቢ አለኝ፣ እምዬ።»

አስተማሪው ሰው፣ የሺህ ልጆችን ትንፋሽ በአንድ እጁ ሲይዝ የኖረው ሰው፣ ክንዱ ከላይ ደርቆ ቀረ። ነጥብ ባዶ ወንበር ስባ ወጣችበት። ጣቶቹን ከአውራ ጣቱ ጀምራ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። እንቁላሉ በመዳፏ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ነበር። ገለበጠችው። በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር ቦታው ላይ ነው።

ከፊት ወንበር አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ እጇን አወጣች፤ ሳይፈቀድላትም ተናገረች። «ጋሼ፣ ቅድም ቁጥር ተጽፎበታል ስልዎት ዋጋው ነው አሉኝ እኮ።»

የሳቀ የለም። ጋሼ ላባም አልሳቀም።

በብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ጨለማ። «ልጆቹ ይውጡ» አለች ነጥብ።

«ሠላሳ ስምንት ልጅ እስኪወጣ…» አለ አጎቷ።

«እንግዲያው መጋረጃውን!»

ልጆቹ ተሯሩጠው ዘጉት። ክፍሉ ጨለመ። እንቁላሉን በስፖንጁ ላይ አስቀምጣ ባትሪውን ከወፍራሙ ጫፍ አስጠጋችው። ቅርፊቱ ቀላ፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ። ከታች ሁለት ሦስተኛውን የያዘ ጥቁር ጥላ አለ። ጫጩቱ ነው። ጥላው ከአየር ክፍሉ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ነው የሚታየው። በሕይወት ያለ ጫጩት አርፎ አይተኛም።

በልቧ መቁጠር ጀመረች። ሃያ። ሃምሳ። የትኛውም ልጅ አልሳለም። መቶ። ከሹሉ ጫፍ አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየች፤ የአንድ ጣት አንጓ ያህል ርዝመት አላት። መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ።

ጠርዙ አልተነቃነቀም።

«ሞቷል?» አለች መነጽር ያላት ልጅ።

ነጥብ አጎቷ በጨለማው ውስጥ እንደሚያያት ተሰማት። አንድ ደህና ነገር እንድትል እየለመናት ነው፤ ሲሆን እውነት፣ ካልሆነም ደህና ነገር።

«አላውቅም» አለች።

«ማን ነው የተሳሳተው?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ነኝ። ሳልገለብጠው ሰጠሁት።»

ባትሪዋን አጠፋች፣ እንቁላሉን ሳጥኑ ውስጥ በሙቅ ጠርሙሶቹ መሃል አስተኛችው። ስትወጣ ማንም መጋረጃውን አልከፈተም። ልጆቹ በጨለማው እንደተቀመጡ ቀሩ።

አጎቷ ባዶ ሳጥኑን ታቅፎ ተከትሏት ወረደ። ፒካፑ ውስጥ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፣ እንቁላሉ በነጥብ ጉልበት ላይ። ዔሊ ሞተሩን አስነሳ፤ አሁን የራሱን አነዳድ ነዳ። እያንዳንዱን ጉድጓድ ከሩቅ አይቶ ሰላም እንደሚል ሰው ዞሮት ያልፋል። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባ ነፋ። አንድ ባለ ብስክሌት ቀደማቸውና ዘወር ብሎ አያቸው።

«ቀስ በቀስ…» ብሎ ጀመረ ዔሊ።

«እንዳትጨርሰው!» አለች ነጥብ።

«እንቁላልም…»

«ዔሊ፣ ከጨረስከው እወርዳለሁ።»

ዔሊ ማርሽ ቀየረ። አጎቷ «ልክ ነበርሽ» አለ። «መጣሉን ማለቴ ነው። የአስማተኛ ሥራ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አሁን አታውራኝ።»

«ዶክተሯን እኔ አነጋግራታለሁ።»

«አታውራኝ አልኩህ፣ አጎቴ። የጠርሙሱ ሙቀት እየወረደ ነው።»

ዶክተሯ መፈልፈያው ክፍል ውስጥ ቆማ ጠበቀቻቸው። ከሚዛኑ ላይ ያለውን የእንጨት እንቁላል አይታ ነገሩ ገብቷታል፤ የሚጠየቅ አልነበረም። እንቁላሉን ተቀበለች፣ ገለበጠች፣ ቁጥሩን አነበበች፣ ስንጥቁን በጣቷ ሳይሆን በዓይኗ ተከታተለችው። ከመሳቢያዋ ሙጫ አውጥታ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀባችው። ነጥብ መዘነችው፦ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ነጥብ ስምንት። ጻፈችው። እንቁላሉ ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። አጎቷ ከበሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስድስት ሰዓት ላይ በብርሃን አዩት፤ ምንም የለም። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አዩት፤ ምንም። የእትዬ ባል ከመስኮቱ ማዶ ካለው አጥር ውስጥ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ እትዬ ጎጆዋ ላይ በእንጨት እንቁላል ላይ ተኝታለች። ነጥብ እሷን ላለማየት ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠች። እጇ ሥራ ስላጣ መዝገቡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ደመረችው፤ ስሕተት አልነበረውም። በአርባ ሰባት ገጽ ውስጥ አንድም ስሕተት አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሯ መጋረጃውን ሳበች። ባትሪው በራ። ቀዩ ቅርፊት፣ ቀጫጭኑ ሥር፣ ጥቁሩ ጥላ። ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ነጥብ አልቆጠረችም፤ ቁጥር ጠፋት።

ጠርዙ ተነቃነቀ።

አንዴ ነው፤ እንቅልፍ ውስጥ ያለ ሰው ትከሻውን እንደሚያስተካክል። ከዚያ እንደገና።

«አየሽ?» አለ አጎቷ።

«አየሁ» አለች ዶክተሯ፤ ባትሪውን አጥፍታ ማሽኑን ቀስ ብላ ዘጋችው። «ይህ ማለት ይወጣል ማለት አይደለም። ስንጥቁ አለ። ሰባት ቀን ይቀረዋል። ግን ዛሬ አልሞተም።» ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «አሁን ንገሩኝ።»

«እኔ ነኝ» አለ አጎቷ ከበርጩማው ብድግ ብሎ። «ይቺ ልጅ አልነበረችም። ገብቼ አንስቼ ሄድኩ። ቅጣቱ የእኔ ነው። ሳጥኑን ውሰጂው፣ ትምህርት ቤት መሄዱንም ከልክይኝ።»

«እርስዎ ቁልፍ አለዎት?» አለች ዶክተሯ።

የአጎቷ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ ያገኘው ላባውን ብቻ ነው።

«ውሸት ነው» አለች ነጥብ። «እኔ ሰጠሁት። አልገለበጥኩትም። ሠላሳ ስምንት ልጅ ሰምቷል፤ ከፈለጉ ይጠይቁ።»

ዶክተሯ በሩ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት አየች፤ ነጥብም አየችው። በገዢ የተሰመረው ፊደል ከዚህም ይነበባል።

«ዶክተር፣ ሰባት ቀን ነው የቀረው» አለ አጎቷ። «አርባ ሰባት ቀን ጠብቃ… የዚችን ልጅ ያህል ይህን ማሽን የሚያውቅ አለ? ሲወጣ ሳታየው ትቅር? ሕግ ለሰው ነው እንጂ…»

«አጎቴ» አለች ነጥብ። «የዳክዬ እንቁላሎቹን ያደባለቀውን ልጅ ያኔ ቁልፉን ተቀብዬ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አልቅሶ ለምኖኛል።»

አጎቷ ሳጥኑን አንስቶ ወጣ።

ነጥብ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ መዝገቡ ላይ አስቀመጠችው። «ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መገልበጥ አለበት» አለች። «ውሃው ትሪ ውስጥ እስከ ምልክቱ ድረስ ነው፤ ከምልክቱ በላይ አይደለም። በሩ ሲከፈት እርጥበቱ ይወርዳል፣ ሠራተኞቹን ይቆጡልኝ። ጠዋት ሲመዝኑት ነጥቡን አይዝለሉት።»

«እሺ» አለች ዶክተሯ።

መጠባበቂያው የእንጨት እንቁላል አሁንም ከሚዛኑ አጠገብ ጥጡ ላይ ነበር። ነጥብ አነሳችው። ገለበጠችው። የሚስማሩን ራስ አየች፤ በአውራ ጣቷም ነካችው። «ይሄ ከእሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ አይቀመጥም» አለች፤ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ማሽኑ ይጉረመረማል። መለኪያው ስድሳ ላይ ነው። ወጣች፤ እጀታውን ተጭና በሩን ሳታስጮኽ ሳበችው፤ የመቆለፊያው ምላስ ቦታው ላይ ቀጭ እስኪል ድረስ አልለቀቀችውም።